የልብ ድካም ሲብስ፦ ፓምፕ፣ ንቅለ ተከላ ወይስ በመድኃኒት መቀጠል?

አጎቴ ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ "ቆይ፣ ባትሪ ልቀይር" ይላል። ከብብቱ ሥር ከተንጠለጠለችው ቦርሳ አንዱን ባትሪ ይነቅልና ሙሉውን ይሰካል። ከዚያ ሁለተኛውን። ሁለቱን በአንዴ መንቀል ክልክል ነው። እንግዳ ካለ ቤቱ ጸጥ ይላል። ሰው ሁሉ ስኒውን ይዞ እጁን እጁን ያየዋል። እሱ "ምነው? ጠጡ እንጂ!" ብሎ የራሱን ያነሳል።

የሚኖረው ሜሪላንድ ነው። ልቡ ከደከመ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። በባትሪ የሚሠራ፣ ልቡን ደም በመግፋት የሚያግዝ ፓምፕ ደረቱ ውስጥ ከተገጠመለት ደግሞ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ውሳኔው ላይ ስንደርስ ምርጫ አላጣንም፤ ያጣነው ምርጫዎቹን የሚያወዳድርልን ሰው ነው። ቁጭ አድርጎ በአማርኛ "በዚህኛው ኑሮህ እንዲህ ይሆናል፣ በዚያኛው ደግሞ እንዲህ" የሚለን አልነበረም። ይሄን የጻፍኩት ለዚያ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ አስታማሚ ነኝ። መድኃኒት በእኔ ጽሑፍ እንዳትጀምሩ፣ እንዳታቆሙም። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

በእርግጥ እዚያ ደርሷል?

የልብ ድካም ማለት ልብ ቆመ ማለት አይደለም። ልብ የሚረጨው ደም ለሰውነት አልበቃ አለ ማለት ነው። ብዙ ሰው በመድኃኒት ብቻ ለዓመታት ይኖራል። ስለ ፓምፕና ስለ ንቅለ ተከላ የሚወራው መድኃኒቱ አልይዝ ሲል ነው።

አልይዝ ማለቱ በምን ይታወቃል? በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ በልብ ድካም ሆስፒታል መተኛት አንዱ ምልክት ነው። ውሃ የሚያወርደው መድኃኒት፣ ላሲክሱ፣ እየጨመረ የእግሩ እብጠት ግን አልጎድል ሲል ሌላው ነው። የላይኛው ግፊት ከ90 በታች እየሆነ፣ ስንወስደው የኖርነው የልብ መድኃኒት የሚቀነስ ወይ የሚቆም ከሆነም አስቡበት። የኩላሊት ምርመራው እየከፋ መሄዱ፣ ሰውየው ሳይታወቅ መክሳቱ፣ ደረት ላይ የተቀበረው መሣሪያ (አይሲዲ፣ ከታች እመለስበታለሁ) ደጋግሞ መንዘሩም እዚሁ ውስጥ ይገባሉ።

ከእነዚህ አንዱን እንኳ ካያችሁ፣ ለከባድ የልብ ድካም ብቻ ወደተቋቋመ ክሊኒክ እንዲጽፍላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ "አድቫንስድ ሃርት ፌይለር" ይሉታል። እኛ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። የቀድሞ ሐኪሙ "በሦስት ወር እንይህ" እያለ ሦስቱ ወር ዓመት ሞላው። እኛም ዝም አልን። ሐኪም መጨቅጨቅ ነውር መሰለን። የኋለኞቹ ሐኪሞች ፋይሉን ሲያዩ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው "እስካሁን የት ነበራችሁ?" የሚል ነበር። ኩላሊትና ጉበት ከተጎዱ፣ ጡንቻ ከሟሸሸ፣ የፓምፑም የንቅለ ተከላውም በር ይዘጋል። ክሊኒኩ መሄድ ቀዶ ጥገና መስማማት አይደለም። ሄዶ "አልፈልግም" ማለት ይቻላል። ዘግይቶ "እፈልጋለሁ" ማለት ነው የማይቻለው።

መድኃኒቱ ሙሉ ነው ወይ?

ወደ ቀዶ ጥገና ወሬ ከመግባታችሁ በፊት የመድኃኒት ብልቃጦቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ልቡ ለሚረጭበት አቅም የሚሰጥ ቁጥር አለ፣ ኢጄክሽን ፍራክሽን ይባላል። በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ ይታያል። ጤነኛ ልብ ከ50 በመቶ በላይ ነው። 40ና ከዚያ በታች ለሆነ ሰው ዛሬ አራት ዓይነት መድኃኒት አንድ ላይ ይታዘዛል። አንደኛው ኤንትሬስቶ ወይም እንደ ኢናላፕሪል ያለው ነው። ሁለተኛው ካርቬዲሎልን የመሰለ ቤታ ብሎከር ነው። ሦስተኛው ስፓይሮኖላክቶን። አራተኛው ለስኳር መጥቶ ለልብ የተረፈው ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን ነው። ላሲክስ ከአራቱ አይቆጠርም። ላሲክስ ውሃ ያወርዳል፣ ልብ አይጠግንም።

አንዱ ከጎደለ "ለምን?" በሉ። በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል። ምክንያቱ "ማንም አላሰበበትም" ከሆነ ግን ገና ያልተነካ ዕድል አላችሁ ማለት ነው። አሜሪካ ያላችሁ አንድ ሌላም ጠይቁ፦ ሃይድራላዚንና አይሶሶርባይድ ዳይናይትሬት የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች አሉ። በጥቁር አሜሪካውያን ታካሚዎች ላይ ተሞክረው ውጤቱ በ2004 ሲወጣ ሞትን በ43 በመቶ ቀንሰው ተገኝተዋል። ርካሽ ናቸው። በቀን ሦስት ጊዜ መዋጥ ስላለባቸው ይሰለቻሉ፣ ስለዚህም ይረሳሉ።

ትንንሾቹ መሣሪያዎች

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሰው ሁለቱን ስለሚያደባልቅ ብቻ ላንሳው። አይሲዲ የሚባለው ልብ በድንገት ምቱ ሲምታታ በኤሌክትሪክ የሚመልስ ዘብ ነው። ዕድሜ ያተርፋል እንጂ ድካሙን አይቀንስም። "ገብቶልኝም ያው ነኝ" የሚሉት ለዚህ ነው። ሲአርቲ ደግሞ ሁለቱን የልብ ጎን አስማምቶ የሚያስመታ ፔስሜከር ነው። ኢሲጂ በሚባለው የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ላይ የተወሰነ መዛባት ላለበት ሰው ድካሙንም ሊያቀልለት ይችላል፤ ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ ይጠቀሙበታል። ሚትራል የሚባለው የልብ በር ደም የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ደረት ሳይከፈት በብሽሽት በኩል ገብቶ በክሊፕ መቆንጠጥ አለ። ፓምፕ ከመታሰቡ በፊት ሦስቱም መታየት አለባቸው።

ፓምፑ

ኤልቫድ ይሉታል። አሜሪካ ውስጥ አሁን የሚገጠመው ሃርትሜት 3 የሚባለው ነው፤ የመጀመሪያ ፈቃዱን ያገኘው በ2017 ነው። ተፎካካሪው ኤችቫድ በ2021 ከሽያጭ ወጥቷል። ደረት ተከፍቶ በግራ በኩል ካለው የታችኛው የልብ ክፍል ጫፍ ላይ ይገጠማል። ደሙን ከዚያ ይስብና በቱቦ ወደ ትልቁ የደም ሥር ይገፋዋል። ከፓምፑ የሚነሳ ገመድ የሆድን ቆዳ በስቶ ወደ ውጭ ይወጣል። ገመዱ ወገብ ላይ ከምትታሰር ትንሽ መቆጣጠሪያ ጋር ይያያዛል። ጥንድ ባትሪ እስከ 17 ሰዓት ይይዛል። ማታ ሲተኛ ግድግዳ ላይ ይሰካል።

ትልቁ ጥቅሙ ሰው እስኪሞት አለመጠበቁ ነው። አጎቴ ሦስት ትራስ ደግፎ፣ ቁጭ ብሎ ነበር የሚያድረው። ከሳሎን መኝታ ቤት መሄድ ያስተነፍሰው ነበር። ፓምፑ በገባ በሦስተኛው ወር ሐበሻ ሱቅ ድረስ በእግሩ ሄዶ እንጀራ ገዝቶ መጣ። እንጀራው ቀዝቅዟል ብሎም ተነጫነጨ። ያን ጊዜ ነው የዳነ የመሰለኝ። ስለ ፓምፑ በተደረገው ትልቅ ጥናት ሃርትሜት 3 ከገባላቸው ሰዎች አምስት ዓመት የኖሩት 58 በመቶ ናቸው። ቁጥሩ ሲሰማ ይከብዳል። ግን የሚነጻጸረው ከጤነኛ ሰው ጋር አይደለም። ያለ ፓምፕ ከእነዚህ ብዙዎቹ ዓመት አይደፍኑም ነበር።

ፓምፑ ደሙን ሳያቋርጥ ስለሚገፋ የእጅ ምት ብዙ ጊዜ አይገኝም። አንድ ቀን ድንገተኛ ክፍል ገብተን አንዲት ወጣት ነርስ እጁን ይዛ ደቂቃ ሙሉ ቆየች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። አጎቴ በአማርኛ "አይዞሽ ልጄ፣ አለሁ" አላት። ተራው የግፊት መለኪያም ብዙ ጊዜ አይሠራለትም። በድምፅ ሞገድ በሚሠራው ዶፕለር ነው የሚለካው። ስለዚህ "የልብ ፓምፕ አለኝ" የሚል ካርድ ሁልጊዜ ከኪሱ አይጠፋም።

አሁን ክፋቱን ልንገራችሁ። በዚያው ጥናት በሁለት ዓመት ውስጥ ከአራት ሰው አንዱ ገደማ ከሆድ ዕቃው ደም ፈሶታል። ከአሥሩ አንዱ ገደማ ስትሮክ መትቶታል። ገመዱ የሚወጣበት ቁስል መቼም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ በፋሻ እየተጠረገ መያዝ አለበት፣ ኢንፌክሽን የሚገባው በዚያ ነው። ፓምፑ የሚረዳው የግራውን ጎን ብቻ ነው። የቀኙ ደካማ ከሆነ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ዋና የለም። ገንዳ የለም። ኤምአርአይ የለም። ሻወር ቁስሉ ከጠገገ በኋላ፣ ያውም መሣሪያው ውሃ በማያስገባ ቦርሳ ገብቶ። ከቤት ሲወጣ ትርፍ መቆጣጠሪያና የተሞላ ባትሪ አብሮ ይወጣል። አንዴ ሠርግ ላይ ረስተነው ከመንገድ ተመልሰናል። ሙሽራዋን ሳናያት ኬክ ተቆርሶ ጠበቀን።

አዲስ ልብ

የመጀመሪያው የልብ ንቅለ ተከላ የተደረገው አፍሪካ ውስጥ ነው። ዲሴምበር 3 ቀን 1967፣ ኬፕታውን፣ ግሩት ስኩር ሆስፒታል፣ ክርስቲያን ባርናርድ። ታካሚው የኖረው 18 ቀን ነበር። ዛሬ ከአሥር ተቀባዮች ዘጠኙ ገደማ የመጀመሪያውን ዓመት ያልፋሉ። ግማሹ ከ12 ዓመት በላይ ይኖራል። ጎን ለጎን ከተቀመጠ በዕድሜ ንቅለ ተከላው ፓምፑን ይበልጣል። ገመድ የለም፣ ባትሪ የለም፣ ዋናም ይቻላል።

ታዲያ ለምን ሁሉም አይደረግለትም? ልብ የለም። አሜሪካ ውስጥ በ2023 የተደረገው ከ4,500 ትንሽ የበለጠ ነው። የሚያስፈልገው ሰው ብዙ እጥፍ ነው። ልብ ከለጋሹ ወጥታ በበረዶ የምትቆየው አራት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ደም ዓይነትና የሰውነት ግዝፈት መግጠም አለባቸው። ኦ ደም ያለው ሰው ኦ ብቻ ስለሚቀበል ረጅም ይጠብቃል። ለእናቶች ደግሞ አንድ የማይነገር ነገር አለ፦ ብዙ ልጅ የወለደች ወይም ደም የተሰጣት ሴት ደሟ ውስጥ የሰው ሥጋ የሚቃወም አንቲቦዲ ሊፈጠር ይችላል። ያኔ የሚስማማት ልብ ይጠባል። ቀድሞ በደም ምርመራ ይታወቃል። ጠይቁ።

ሁሉም ሰው የተጠባባቂዎች ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ሰባን የተሻገረ ሰው ብዙ ቦታ ይቸገራል። በቅርብ የታከመ ካንሰር፣ ሲጋራ፣ ወደ ሳንባ በሚሄደው የደም ሥር ላይ በመድኃኒት የማይወርድ ግፊት ይከለክላሉ። አጎቴን ያስቀረው ይሄ የሳንባ ግፊት ነበር። እንዲህ ያለው ግፊት አንዳንዴ ፓምፑ ከገባ ከወራት በኋላ ይወርዳል። የእሱም ወረደ። ግን ያን ጊዜ ዕድሜው አለፈ።

ከተተከለ በኋላ በሽታ ጠፋ ማለት አይደለም። አንዱን በሽታ በሌላ መለወጥ ነው። ታክሮሊመስ የሚባለው መድኃኒት በየ12 ሰዓቱ፣ በሰዓቱ፣ ዕድሜ ልክ ይዋጣል። ሰውነት አዲሱን ልብ እንዳይጠላው መከላከያውን ያለዝባል። በዚያው ኩላሊትን ይጎዳል፣ ለኢንፌክሽንና ለካንሰርም ያጋልጣል። በመጀመሪያው ዓመት በአንገት የደም ሥር በኩል እየገቡ ከልቡ ቅንጣት ሥጋ ይወስዳሉ፣ ለምርመራ። ደጋግመው። ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር፦ የልቡ ነርቮች ተቆርጠዋል። ስለዚህ ቁጭ ብሎም ምቱ ፈጣን ነው፤ ደረጃ ሲወጣ ቶሎ አይፈጥንም። የልብ ሕመም ቢነሳበት እንኳ ደረቱን ላያመው ይችላል።

ስለ ወረፋው ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በአሜሪካ ከ2018 ጀምሮ ዝርዝሩ ስድስት ደረጃ አለው። 1ኛው በጣም የታመመው ነው። ፓምፕ ገብቶለት ቤቱ ሆኖ የተረጋጋ ሰው ብዙ ጊዜ 4ኛ ላይ ነው የሚቀመጠው። "ለጊዜው ፓምፕ፣ ከዚያ ልብ" ሲሏችሁ ያ "ለጊዜው" ዓመታት ሊሆን እንደሚችል እወቁ። ሌላ መንገድ እያለ ፓምፑ የሚቀርብላችሁ ከሆነ፣ በእናንተ ደም ዓይነት በዚያ ሆስፒታል ስንት ጊዜ እንደሚጠበቅ በቁጥር አስነግሩ።

ወጥ ቤቱ

ለእኔ ዋናው ንጽጽር እዚህ ነው። በራሪ ወረቀቶቹ ስለ ብሮኮሊ ያወራሉ። እኛ ቤት ብሮኮሊ ማን ይበላል?

ፓምፕ ያለው ሰው ደሙ እንዳይረጋ ዋርፋሪን ይወስዳል። ዋርፋሪንን ደግሞ ጎመን ይጣላዋል፣ ቫይታሚን ኬ አለውና። ጎመን አይከለከልም። መጠኑ ነው መለዋወጥ የሌለበት። ችግሩ ጾም ሲገባ ነው። የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋው ወጥቶ ጎመኑ በእጥፍ ይገባል፣ የደም ምርመራው ይዘበራረቃል። አጎቴ የመጀመሪያው ዓመት ላይ እንዲህ ሆኖ ሐኪሞቹ ግራ ገባቸው። አሁን ሁዳዴ ከመግባቱ አንድ ሳምንት በፊት ለክሊኒኩ እንደውላለን።

ለተተከለለት ሰው ጎመኑ አያስቸግረውም። ክትፎው ነው። ጥሬ ሥጋ የለም፣ ለብ ለብም አይሆንም፣ በደንብ ካልበሰለ አይበላም። ካልፈላ ወተት የተሠራ አይብም እንዲሁ። ግሬፕፍሩት መድኃኒቱን ደም ውስጥ ያበዛዋልና የለም። በየ12 ሰዓቱ የሚዋጠው መድኃኒት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከሚጾም ሰው ጋር ይጋጫል፤ በረመዳንም ያው ነው። በሁለቱም ሃይማኖት ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። የንስሐ አባትን ወይም ሼኹን ከቀዶ ጥገናው በፊት ማማከር ይሻላል። ከኋላ ከሆነ ሰውየው በድብቅ ይጾማል።

ጠበል ለሚሄዱም እንዲሁ። ፓምፕ ያለው ሰው ገላውን መጠመቅ አይችልም፤ ውሃው ቁስሉንም መሣሪያውንም ይነካል። የእኛ ቄስ ግንባሩን ብቻ ይረጩታል። የተተከለለት ሰው ያልፈላ ውሃ አይጠጣም። ከሁሉም የከፋው መድኃኒት አቁሞ ጠበል መግባት ነው። ንቅለ ተከላ ላይ ይሄ በቀናት ውስጥ ልቡን ሊያሳጣ ይችላል።

ማን ነው ቤት ያለው?

ሁለቱም መንገድ አስታማሚ ይጠይቃሉ። ሆስፒታሉ ስም ጽፉ ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ቀን ከሌሊት አብሮ የሚሆን ሰው ስም ነው የሚፈልጉት። ብቻውን የሚኖር፣ ታክሲ እየነዳ ለአገር ቤት የሚልክ ስንት ወንድም አለ! ይሄን ባዶ መተው ከዝርዝር ሊያስቀር ይችላል። በፈረቃ ሦስት ሰው ማስመዝገብ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። እኛ የማኅበር ሰዎችን ጨምረን ነው የሞላነው።

አስተርጓሚም በነጻ ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጃችሁን አታስተርጉሙ። እኔ አስተርጉሜያለሁ፤ "ስትሮክ" የሚለውን ቃል ዘልዬዋለሁ። አጎቴ ከወራት በኋላ ነው የሰማው። "አንቺ ነሽ የወሰንሽልኝ ማለት ነው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያላችሁበት አገር

እስራኤል ያላችሁ፦ በ2008 በወጣው ሕግ የለጋሽነት ካርድ የፈረመ ሰው፣ እሱና የቅርብ ቤተሰቡ በወረፋው ቅድሚያ ያገኛሉ። ካርዱ አዲ ይባላል። ጤነኛ ሳላችሁ ፈርሙ። ጀርመን ውስጥ ለጋሽ ጥቂት ነው፤ በዓመት የሚተከለው ልብ ጥቂት መቶ ብቻ ስለሆነ ፓምፕ በብዛት ይገጠማል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የልብ ንቅለ ተከላ አይደረግም። "ቤት ሸጠን ህንድ እንውሰደው?" የሚል ስልክ ከአገር ቤት ይደወልልኛል። ህንድ ውስጥ የተገኘ ልብ መጀመሪያ ለህንዳውያን ይታደላል። የውጭ ሰው የሚያገኘው እነሱ ካልፈለጉት ነው። ቢገኝስ? የታክሮሊመሱን መጠን በደም የሚለካ፣ ልቡን በየጊዜው የሚመረምር ቦታ ያስፈልጋል። ፓምፕም ቢሆን መብራት በሚጠፋበት፣ መለዋወጫ በሌለበት ሰፈር አደራው ከባድ ነው። እኔ ብጠየቅ ገንዘቡን አራቱን መድኃኒቶች ሳይቋረጡ በመግዛት ላይ፣ ካስፈለገም በፔስሜከር ላይ አውለዋለሁ። ደግሞ ወጣት ከሆነ የልቡን በሮች አሳዩ። እኛ አገር የወጣቶች የልብ ድካም ብዙ ጊዜ ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ በሮቹን ከሚበላው ሪውማቲክ በሽታ ነው የሚመጣው። በር ደግሞ ይጠገናል፣ ይቀየራል። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ይሄን ይሠራል።

ሁለቱንም ለማይፈልግ

አሜሪካ ውስጥ ሚልሪኖን ወይም ዶቡታሚን የሚባል መድኃኒት በክንድ በተተከለ ቀጭን ቱቦ፣ በትንሽ ማሽን፣ ቤት ሆኖ መውሰድ ይቻላል። ትንፋሹን ይመልሳል፣ የእግሩን እብጠት ያጎድላል። ዕድሜ ግን አይጨምርም፤ ሊያሳጥርም ይችላል። ልጁ እስኪድር፣ ወንድሙ ከአገር እስኪመጣ ጥቂት ደህና ወራት ለሚፈልግ ሰው ትክክለኛ ምርጫ ሊሆን ይችላል። እኔ መጀመሪያ ላይ እንደ ተስፋ መቁረጥ ነበር የቆጠርኩት። ተሳስቻለሁ።

የማስታገሻ ሐኪሞችንም ቀድማችሁ አስገቡ። እኛ "ሊሞት ነው ማለት ነው?" ብለን ደንግጠን ነበር። እነሱ ግን እንቅልፉን፣ ማቅለሽለሹን፣ ጭንቀቱን ነው የያዙለት። ከፓምፑ ቀዶ ጥገና በፊት የጠየቁት ጥያቄ ግን ቤቱን ዝም አሰኘው፦ "አንድ ቀን ስትሮክ መትቶህ ሰው የማታውቅ ብትሆን፣ ፓምፑ ይጥፋ ወይስ ይቀጥል? ማንስ ይወስን?"

አጎቴ ብዙ አሰበ። ከዚያ የእኔን ስም ጻፈ፣ ከሥሩ የሚስቱን። ፈረመ። ወረቀቱ አሁን ፍሪጁ ላይ ነው ያለው፣ ከእድሩ ቀን መቁጠሪያ አጠገብ።